የሁዳዴ ባል

ተክለማርያም ሲጋራ ማቆም ከባድ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመው ይስቅ ነበር። እሱ በየዓመቱ ያቆማል። ሌላው ሰው ለሁዳዴ ሥጋና ወተት ሲተው፣ እሱ ሲጋራውንም አብሮ ይተዋል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሌላው በዶሮ ሲፈስክ፣ እሱ ዶሮውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በረንዳ ላይ ይወጣና በሲጋራ ይፈስካል። ይኼን ሲያደርግ ኖሮ ፀጉሩ ሸበተ። በዲላ ከተማ ሲጋራ ስለ ማቆም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማያውቀው አለመመለሱን ነበር።

ሥራው ልብስ ስፌት ነው። አባቱ ከቡልጋ በንግድ መጥተው ዲላ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሱ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው መቀስ ጨብጦ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ካለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ኮትና ሱሪ ሲሰፋ ዕድሜውን ጨረሰ። ቡና በሚሸጥበት ወራት ከወርቃና ከጨለለቅቱ የሚመጡ ገበሬዎች የሠርግ ልብስ እሱ ዘንድ ያሰፋሉ። ሚስቱ የትምወርቅ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ዲላን ዝናብ አያጣትምና በሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተገረበበ ነው። በዚያች ክፍል እሱ እያጨሰ ይሰፋል፣ እሷ ሳታጨስ ትሰፋለች፣ ጢሱ ግን ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። ይኼን ማንም ልብ ያለው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን።

የቅበላ ለት ሰው ሁሉ ሥጋ ሲያሳድድ ተክለማርያም ፓኮውን ሲጨርስ ያመሻል። ከዚያ ዘወረደ ይገባል። በዚያ ሳምንት እሱን ማናገር ተናካሽ ውሻን እንደ መዳበስ ነው። ክር ይበጠስበታል፣ መርፌ ይሰበርበታል፣ ራሱን ያመዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደንበኛው ሱሪው ጠበበኝ ቢለው አንተ ነህ የወፈርከው ይለዋል። በቅድስት ሳል ይጀምረዋል። ሲያጨስ ያልሳለውን ሳል ካቆመ በኋላ ይስለዋል፣ ጎረቤቱም ሲጋራው ሳይሻልህ አይቀርም እያለ ይቀልድበታል። ምኩራብ ሲያልፍ ሳሉ ላላ ይላል፣ እንቅልፍም ይመለሳል። መጻጉዕ ላይ፣ ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ አልጋውን ተሸክሞ ስለ መሄዱ በሚነበብበት እሑድ፣ ተክለማርያም የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳያርፍ ይወጣዋል። በሌላው ጊዜ መንገዱን ሲያጋምስ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይል ነበር፤ የትምወርቅም ክር የሌለው ጫማ እንዳደረገ እያየች ቆማ ትጠብቀዋለች።

ደብረ ዘይት አካባቢ አፍንጫው ይመለሳል። የቡና አበባም የሚፈነዳው በዚያው ሰሞን ነው። ከቤታቸው ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ጥቂት የቡና ዛፎች አሏቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቅርንጫፉ ነጭ በነጭ ሲሆን፣ የትምወርቅ እጁን ይዛ ወደዚያ ትወስደዋለች። አበባው ከተቀጠፈ ፍሬው ቀረ ነውና አትቀጥፈውም፤ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ አፍንጫው ሥር ታደርግለትና ሸተተህ? ትለዋለች። ቀኑ ገና ሲሆን ሊያስደስታት ብሎ አዎ ይላል። እሷም ታውቅበታለችና ምን ምን ይላል? ብላ ታፋጥጠዋለች፣ እሱ ደግሞ መልስ ያጣል። በእውነት የሸተተው ዕለት ግን አይናገርም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ያን ጊዜ እሷም አትጠይቅም።

ከአበባው ቀጥሎ የሚመለስለት የእሷ ሽታ ነበር። ሳሙና፣ የተተኮሰ ጨርቅ፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ስም የሌለው፣ የእሷ ብቻ የሆነ ነገር። በዓመት ውስጥ ሚስቱን በአፍንጫው የሚያውቃት ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። እነዚያን ሳምንታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሰፉ ያንጎራጉራል፣ ያስቃታል፣ ሽሮዋን ዛሬ ምን ጨመርሽበት ይላታል፤ የጨመረችበት ነገር ግን የለም። የትምወርቅ ለጎረቤት ሴቶች እንዲህ ትል ነበር፦

"እኔ ሁለት ባል ነው ያለኝ። አንዱ የሁዳዴ፣ አንዱ የፋሲካ። የሁዳዴው ይሻለኛል፤ ምን ያደርጋል፣ ዕድሜው አጭር ነው።"

ሴቶቹ ይስቃሉ። ተክለማርያምም ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አብሯቸው ይስቃል። ዛሬ ይኼ ሳቁ ትዝ ሲለው ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሰምተው አንድ ቀን ቆጥተውታል። ሥጋና ወተት እግዜር የፈቀደው ነው፣ በጾም ትተወዋለህ፣ በፋሲካ ትመለስበታለህ፤ ሲጋራን ማን ፈቅዶልህ ነው የምትፈስክበት? አሉት። እሱም መሬት መሬት እያየ አባቴ ይፍቱኝ አለ እንጂ በልቡ አልተቀበላቸውም። የራሱ ሒሳብ ነበረው። ልብስ ይቆሽሻል፣ ይታጠባል፣ ይለበሳል። ሰውነቴም እንደዚያው ነው፤ ዓመት ሙሉ ያቆሸሽኩትን ሁዳዴ ያጥበዋል፤ ይኸው በዓይኔ አየሁት፣ በየዓመቱ ይነጻል፣ እንግዲህ ምን ይጎዳኛል? ይል ነበር። ሌላው አጫሽ ሰውነቱ እንደሚያገግም ስለማያውቅ ይፈራል፤ እሱ ስለሚያውቅ ደፈረ። የጨርቅ ሰው ሆኖ፣ ዘወትር የሚታጠብ ጨርቅ እንደሚሳሳ መርሳቱ ነው የሚገርመው።

በየሰሙነ ሕማማቱ ለየትምወርቅ የፋሲካ ቀሚስ ይሰፋላት ነበር። እጁ የማይንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነውና ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። እሷም በፋሲካ ጠዋት ትለብሰውና ዓመቱን ሙሉ ለክት ስታደርገው ትከርማለች። ሲያረጅባት ታጥፋ አልጋ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ታኖረዋለች፤ ለሰው አትሰጠውም። አንድ ፋሲካ፣ ባርኮት ልጃቸው ገና ተማሪ ሳለች፣ ተክለማርያም በልቶ ወደ በረንዳው ሲወጣ የትምወርቅ አዲሱን ቀሚስ እንደ ለበሰች በሩ ላይ ቆመች። ጎረቤታቸው ከፍያለው፣ ክርና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጠው፣ እንኳን አደረሰህ ሊል መጥቶ እንደ ልማዱ ላይተሩን እያበራ ነበር።

"ዘንድሮ ብትተወውስ?" አለችው።

"ጌታም ተነሥቶ እኔ እንደ ጾምኩ ልቅር?" አላት።

ከፍያለው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ደግማ በአፏ አልጠየቀችውም። ተክለማርያም ቀልዱን በየፋሲካው ይደጋግመው ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዓመት ዓመትን ተካ። ባርኮት ተመርቃ ጨለለቅቱ አስተማሪ ሆነች። ከዕለታት አንድ ቀን በዳገቱ ላይ ቀድማ የቆመችው የትምወርቅ ሆነች። የጫማ ክር አላስመሰለችም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ እርጅና ነው ተባለ፣ ዝንጅብልና ማር ተጠጣ፣ ጠበል ተጠመቀች። በመጨረሻ ባርኮት ከጨለለቅቱ መጥታ ሁለቱንም ተቆጥታ ሐኪም ቤት ሰደደቻቸው። ጊዜው ጥቅምት ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የየትምወርቅን ጀርባ በማዳመጫው ብዙ ቆይታ አዳመጠች፣ የደረቷን የራጅ ፎቶ ወደ ብርሃን አድርጋ አየች፣ ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ሲጋራ ያጨሳሉ? አለቻት። የትምወርቅ በጭራሽ አለች። ተክለማርያም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?"

የትምወርቅ ወደ ባሏ አልዞረችም። "የለም" አለች።

"የማገዶ ጢስስ?"

"እሱማ አለ።"

ሐኪሟ ጻፈች። የማእድ ቤት ጢስ የስንቱን እናት ሳንባ እንደሚያበላሽ፣ መስኮት እንዲያስከፍቱ፣ የሚቻል ከሆነ በኤሌክትሪክ እንድታበስል ነገረቻቸው። ተክለማርያም ኪሱ ውስጥ ያለውን ፓኮ በመዳፉ ጨብጦት ነበር። አፉን ከፍቶ እኔ አለሁ ማለት ነበረበት። ደግሞም ልቡ ጥፋቱ በምድጃው ላይ ስለ ወደቀ ቀለል እንዳለው ተሰማው፤ ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረው ይኼኛው ነው። ዝም አለ።

ሲወጡ ዝናብ ይዟቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቃት። የትምወርቅ ነጠላዋን ራሷ ላይ አስተካከለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆይታ ያለ ምንም ቁጣ መለሰችለት፦

"እኔ የለም ስል፣ አንተ አለሁ ትላለህ ብዬ ነበር።"

ያን ዕለት ፓኮውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው።

ማቆሙን ያውቅበታል ብለናል። የጥቅምቱ ግን ሌላ ሆነ። በሁዳዴ ጊዜ እያንዳንዱ ሳምንት ስም አለው፣ መጨረሻው ደግሞ ፋሲካ ነው፤ ሰው የሚፈታውን ጾም ይታገሠዋል። ይኼኛው መፍቻ የለውም። ክሩ ተበጠሰ፣ መርፌው ተሰበረ፣ እንደ ልማዱ፤ ሳሉም መጣ። ነገር ግን ሰውነቱ እንደ ጥንቱ ቶሎ አልታዘዘውም። በሁለት ሳምንት ይላላ የነበረው ሳል እስከ ገና አብሮት ከረመ። ዳገቱን ሳያርፍ የወጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከላይ ደርሶ ዞር ሲል የትምወርቅ ገና ከሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሮጦ ወረደ። መሮጥ በመቻሉ አፈረ።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ወደ ሐኪሟ ሄደ። ስለ ሳሌ ልጠይቅ ነው አለ። ሲጋራ እንዳቆመ ሲነግራት ደስ አላት፣ ሰብሰብ ብላም አስረዳችው። ካቆሙ በኋላ በቀናት ውስጥ ደምዎ ከጢሱ መርዝ ይጠራል፤ በአየር ቧንቧዎ ውስጥ እንደ ከፋይ ጨርቅ የቆሙ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፣ ጥራጊውን ወደ ውጭ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው፤ ሲጋራው ያጋድማቸዋል፣ ሲተዉት ይነሣሉ፤ ሳሉ የእነሱ ሥራ ነው፣ አይፍሩት። ጣዕምና ሽታ ይመለሳል። ዓመት ሲሞላ ልብዎ ብዙ ሸክም ይቀልለታል አለችው። ተክለማርያም አብዛኛውን ያውቀዋል፤ ከፋዩን ብቻ አያውቅም ነበር። ከፋይ በፊቱ በኩል ካውያ ከነካው ፀጉሩ እንደሚተኛ ግን ለልብስ ሰፊ ነጋሪ አያሻውም። በየሁዳዴው አቁሞ በየፋሲካው የተኮሰው እሱ ራሱ ነው።

"አጠገብ የተቀመጠ ሰውስ?" አላት።

"ማን ነው አጠገብዎ የተቀመጠው?"

ያን ጊዜ ነገራት። ስለ ስፌት ክፍሏ፣ ስለ ተገረበበው በር፣ በዚያን ቀን ዝም ስለ ማለቱ ሁሉ ነገራት። ሐኪሟ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ማገዶውም አለበት፣ የእርስዎም አለበት፣ ስንቱ የማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም አለችው። ጢሱ መቆሙ እንዳይብስባት ይረዳታል፤ የጠፋው ግን ተመልሶ አይበቅልም አለችው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሞተር ሳይክሎቹ ጭቃ እየረጩበት ያልፋሉ፣ እሱ መንገዱን የሚለቅ አልሆነም። ጥሩ ይተነፍስ ነበር። በረጅሙ ስቦ ሲተነፍስ የገዛ ሰውነቱን ጠላው።

ሁዳዴ ገባ። ተክለማርያም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘወረደን ሲጋራ የማይተውበት ሰው ሆኖ ተቀበላት፤ ቀድሞ ትቶታልና። አበባው ሲፈነዳ የትምወርቅን ደግፎ ወደ ጓሮ አወጣት። ቅርንጫፉን ጎንበስ ያደረገው እሱ ነው። አፍንጫዋ ሥር አድርጎ ሸተተሽ? አላት። ልትስበው ሞከረች፣ ትንፋሹ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆረጠ፣ ሳል ያዛት። ሳሉ ሲለቃት፣ ጥቂት ሸተተኝ አለች። እሱን ደግሞ ከግቢ ውጭ ያለው የጎረቤት ቡና ሳይቀር ይሸተው ነበር። ምን ምን እንደሚል ሊነግራት ፈለገ፤ ማር ማር ይላል አላት። እሷም ፈገግ ብላ፣ ይኸው እንግዲህ አወቅከው አለችው።

ቀሚሱን ሰፋላት፤ ስለ ከሳች ከአምናው አጠበበው። ፋሲካን ቤት ውስጥ ዋሉ። ከፍያለው እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ፣ በልማድ ፓኮውን ዘረጋለት፣ ወዲያው ረስቼ ነው ብሎ መለሰው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የትምወርቅ ትከሻውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

"የሁዳዴ ባሌ ፋሲካን አየልኝ" አለች።

ደስ ብሏት ነው ያለችው። ተክለማርያም ወቀሳ ይከተላል ብሎ ጠበቀ፤ አልተከተለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘወትር ትንፋሿን ሲያዳምጥ ከረመ። በመኪናው ድምፅ መሐል እንኳን ይለየው ነበር። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ ብርዱና ዝናቡ ሲበረታ ሳንባዋ እምቢ አለ። አንድ ማለዳ ባርኮትና እሱ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ሳለ አረፈች።

በአርባዋ ባርኮት ስለ ልብሶቹ ጠየቀችው። በአገሩ ልማድ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል። ተክለማርያም ሐዘኑ ገና ትኩስ ነበርና ሁሉንም ስጪ፣ ዓይኔ እንዳያየው አላት። ልጅቱም ከግድግዳው ላይ ያለውንና በቅርጫት ያለውን ሰበሰበች፤ እስከ መጨረሻ የለበሰችውን የዚያን ፋሲካ ቀሚስም አብራ አጥፋ ወሰደችው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምትለምን አንዲት ሴት ደረሳት። ከአልጋው ሥር ያለው ሳጥን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ተክለማርያም ዛሬ ጤነኛ ሰው ነው። ዳገቱን ይወጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። ደንበኞቹ ዕድሜህ ወደ ኋላ ሄደ እንዴ ይሉታል። በቀጣዩ ሁዳዴ አበባው ሲፈነዳ ወደ ጓሮ አልወጣም፤ መስኮቱን ቢዘጋም ሽታው ገባበት። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ እጁ ቀሚስ ፈለገ። የሚሰፋለት ሰው የለም። ባርኮት በፋሲካ ዋዜማ ከጨለለቅቱ መጣች፣ ዶሮውን ሠራች፣ አባትና ልጅ አብረው በሉ። ከበሉ በኋላ ወደ በረንዳው አልወጣም። ሳጥኑ ያን ጊዜ ትዝ አለው።

ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣው። የየፋሲካው ቀሚሶች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል፤ ከላይ ያለው የካቻምናው፣ ከሥር ያለው ገና ሙሽራ ሳለች የሰፋላት። ሰው ከሄደ በኋላ በልብሱ ላይ ሽታው እንደሚቀር የትኛው ሰፊ ይስተዋል? ይኼ የተመለሰለት አፍንጫ ለምን ይጠቅመኛል ሲል ከርሟል፤ ለዚህ ኖሯል አለ። ሳሙናውን፣ የተተኮሰውን ጨርቅ፣ ያንን ስም የሌለውን ሽታ ሊያገኝ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ ያለውን ቀሚስ ፊቱ ላይ አደረገው።

ሲጋራ ሸተተው።

ሁለተኛውን አነሣ። ሦስተኛውን አነሣ። እጥፋቱን ፈትቶ በብብቱ በኩል፣ በአንገቱ በኩል፣ በጫፉ በኩል አሸተተ። ሁሉም ያው ነው። እሷ ከሥሩ አለች ብሎ ፈለጋት፤ አጣት። ለካ እነዚህን ቀሚሶች የለበሰቻቸው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከፋሲካው ባል ጋር። ጢስ ያልነካው አንድ ቀሚስ ነበራት፤ እሱንም ስጪ ብሎ የሰጠው ራሱ ነው። ተክለማርያም ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የሚያለቅሰውም በሙሉ ትንፋሽ ነበር።

ባርኮት ድምፁን ሰምታ ገባች። አጠገቡ ተንበረከከች፣ አንዱን ቀሚስ አነሣች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ መለሰችው።

"አባዬ፣ ሲጋራ ሲጋራ ይላሉ። ልጠባቸው?"

"ተይው" አላት። "እናትሽ ስትኖር የለበሰችው ይኼንን ነው።"

ከዚያ ሙሽራ ሳለች ከሰፋላት ጀምሮ አንድ በአንድ አጣጥፎ ወደ ሳጥኑ መለሳቸው።